ስለ ቤት ቶርኖ፤ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ትንንሽ የብረት ክፍሎችን በእጅ ስለ መሥራት

አንድ የእህል ወፍጮ ሥራውን ሲያቆም፣ ብዙውን ጊዜ የሚያቆመው ትልቁ አካሉ ተሰብሮ አይደለም። ሞተሩ ደኅና ነው፤ ድንጋዩም ደኅና ነው፤ ዘንጉም ቀጥ እንዳለ ነው። የጎደለችው አውራ ጣት የምታህል አንዲት የብረት ክፍል ናት፤ ምናልባት ዘንጉ በውስጧ የሚዞርባት፣ መካኒኮች ቡሽ የሚሏት ቀለበት፣ ወይም ጥርሷ የተበላ አንዲት ቡሎን፣ ወይም ፑሌጃውን ከዘንጉ ጋር አጣብቃ የምትይዝ ትንሽ ብረት ናት። ዋጋዋ የሚነገርለት አይደለም። ነገር ግን እርስዋ እስክትገኝ ድረስ ወፍጮው ይቆማል፤ እህሉም በጆንያ እንደ ተሞላ ይጠብቃል፤ አህያ ጭነው ከሩቅ ቀበሌ የመጡ እናቶችም ሳያስፈጩ ይመለሳሉ። የወፍጮው ባለቤት የሚከስረው የቡሿን ዋጋ ሳይሆን ወፍጮው ሳይሠራ የሚያልፈውን ቀን ነው።

ይህ ጉዳይ በየትኛውም የአገራችን ክፍል የሚታይ ቢሆንም፣ እንደ መካነ ሰላም ባለ ከተማ ግን ይጸናል። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ደጋ ላይ የተቆረቆረች፣ ከደሴም ወደ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ናት። ወደ ምሥራቅ በለጋምቦና በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ አለ፤ ወደ ምዕራብ ደግሞ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሓ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ በጎጃም በኩል ጉንደ ወይን ይደርሳል። በስተ ሰሜን የበሽሎ ገደል አለ። እንግዲህ ከተማይቱ ከሁለት ታላላቅ ሸለቆዎች መካከል በከፍታ የተቀመጠች በመሆኗ፣ የጎደላትን ሁሉ በመኪና ጭነት ታስመጣለች። መንገዱ ሲከፈት ዕቃው ይመጣል፤ ሲዘጋ ይቀራል። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ፣ በደሴ ገበያ ላይ ብቻ የተመሠረተ የመለዋወጫ ንግድ ምን ያህል ቀጭን ክር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ለሁሉ ግልጽ ሆኗል። ከዚያም ወዲህ በክልሉ መንገድ የሚዘጋበት ቀን ብርቅ አልሆነም።

ይህን ችግር ሙሉ በሙሉ የሚያስወግድ መፍትሔ አለ ብለን አናታልልም። ነገር ግን ከችግሩ አንዱን ክፍል በከተማው ውስጥ የሚያቃልል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በመኖሪያ ቤት አጠገብ፣ በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ የምትቆም ትንሽ ቶርኖ ናት። የምንናገረው ስለ ትልልቅ የጋራዥ ቶርኖዎች አይደለም። የምንናገረው አንድ መምህር፣ ወይም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ወይም ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ወይም ራሱ የወፍጮው ኃላፊ ከዕለት ሥራው በኋላ ለገዛ ደስታው ብረት የሚቀርጽባት መሣሪያ ናት። በሌላው ዓለም ይህ ልማድ ከቆየ ብዙ ዘመኑ ነው። በእንግሊዝ አገር ሞዴል ኢንጂነር የተባለው መጽሔት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 ሲመሠረት፣ አንባቢዎቹ በቤታቸው ትንንሽ የእንፋሎት ሞተሮችንና የመሣሪያ ክፍሎችን የሚሠሩ ጸሐፊዎች፣ ባለሱቆችና ሐኪሞች ነበሩ። በዚያው አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወጣችው ማይፎርድ ኤም ኤል 7 የተባለችው ትንሽ ቶርኖ ለእንደነዚህ ያሉ ሰዎች ተብላ የተሠራች ናት። ሥራቸው ጨዋታ ቢባልም፣ እጃቸው ግን ጨዋታ አልነበረም።

ብረትን መሥራት ለዚህ ደጋ አዲስ ነገር ነውን? አይደለም። የገጠሩ ቀጥቃጭ ያረጀ የመኪና ባሌስትራ ቆርጦ፣ በከሰል አግሎ፣ ማረሻና መጥረቢያ ያወጣል፤ ባሌስትራ ከፍ ያለ የካርቦን መጠን ያለው ብረት በመሆኑ ሲገረፍ እንደሚጠነክር ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእሳቱ ቀለም ነው። ያለ እርሱ ማረሻ፣ ያለ ማረሻም እህል የለም። ኅብረተሰቡ ግን ለዚህ ሰው የከፈለው ውለታ ስድብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. እስከ ማስነገር የደረሱትም ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ሆኖም ዛሬም አንዳንድ ወላጅ ልጁ በቢሮ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ደስ እንደሚለው ያህል ሞረድ ሲይዝ ደስ አይለውም። ስለዚህ የተማረ ሰው በቤቱ ቶርኖ አቁሞ እጁን በዘይት ማቆሸሹ ከመለዋወጫው ሌላ የሚሰጠው ጥቅም አለ ብለን እናምናለን።

ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን፣ በዚሁ በደቡብ ወሎ ደጋ፣ በመቅደላ ላይ የሚታየው ሴባስቶፖል ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሰናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ይህ መድፍ ወደ 7 ቶን የሚመዝን ሲሆን፣ በ1860 ዓ.ም. የጂዳንና የበሽሎን ገደል በእጅ በተቆረጠ መንገድ ወርዶና ወጥቶ መቅደላ ደረሰ። ያን የመሰለ ከባድ ብረት በሰው ጉልበት በእነዚያ ተራሮች ላይ መጎተቱ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ መድፉን ያፈሰሱት አውሮፓውያን ባለ እጆች አብዛኞቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ሄዱ፤ የጋፋት ሥራ ቤትም አልቀጠለም። ብረቱ በአምባው ላይ ቀረ፤ ብረቱን የሚሠራው እጅ ግን ተበተነ። ስለ ሴባስቶፖል ብዙ ተጽፏል፤ ጋፋት ተመሳሳይ ሥራ ቤቶችን ሳይወልድ ስለ መቅረቱ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። ቶርኖ ማለት የሚቆረጠው ብረት እየዞረ፣ ስለቱ ግን ሳይዞር በቀስታ እየተጠጋ የሚቀርጽበት መኪና ነው። ስለቱን በእጅ ከመያዝ ይልቅ በብረት ሠረገላ ላይ አስሮ በቡሎን ጥርስ ኃይል ማስኬድ በሚገባ የታወቀው በእንግሊዛዊው ሄንሪ ሞድስሌይ ሥራ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1800 ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ቶርኖዎች ሁሉ በመሠረቱ የዚያች ልጆች ናቸው። ዛሬ በገበያ የሚገኙት የቻይና ትንንሽ ቶርኖዎች በአብዛኛው እስከ 180 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ሥራ ያዞራሉ፤ በሁለቱ ራሶች መካከል 300 ወይም 350 ሚሊ ሜትር ርዝመት ይይዛሉ፤ ክብደታቸው ወደ 40 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ የሚሠሩትም ለመኖሪያ ቤት በሚገባው በ220 ቮልት መብራት ነው። እንግዲህ ሁለት ሰዎች ተሸክመው ከአውቶቡስ ጣሪያ ሊያወርዷት ይችላሉ ማለት ነው።

እነዚህ መኪናዎች ሁለት ድካም አለባቸው፤ ገዢ አስቀድሞ ቢያውቀው ይጠቅመዋል። አንደኛው በብዙዎቹ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ከፕላስቲክ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ስለቱ በድንገት ሲነክስ ይሰበራሉ። ሁለተኛው ፍጥነቱን የሚቈጣጠረው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ የመብራት መዋዠቅን አይችልም፤ ስለዚህ መብራቱ ከፍና ዝቅ በሚልበት ከተማ ያለ ስታቢላይዘር ማሠራት ገንዘብን ማቃጠል ነው። መብራት በሚጠፋበት ቀን ምን ይደረጋል የሚል ቢኖር፣ በሞረድ፣ በሴጌቶና በማስኪዮ የሚሠራው ሥራ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም። ከሞተር በፊት የነበሩት የቤት ቶርኖዎችም ልክ እንደ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጡ ነበሩ፤ የድሮ ስፌት መኪና እግር ያለው ብልህ ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ነገሩ እንዲገባ አንድ ምሳሌ ወስደን እስከ መጨረሻው እንከተለው። የአንድ ትንሽ ወፍጮ ዘንግ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው እንበል፤ ቡሿም ተበልታ ዘንጉ በውስጧ ይንገጫገጫል። ጀማሪ ሰው ያረጀችውን ቡሽ ለክቶ በዚያው ልክ አዲስ ሊሠራ ይነሣል። ይህ ስሕተት ነው፤ ያረጀች ቡሽ የምትናገረው የትናንቱን ልክ አይደለምና። መለካት ያለበት ዘንጉና ቡሿ የምትገባበት ቤት ነው። ዘንጉን በማይክሮሜትር በሦስትና በአራት ቦታ፣ እያዞሩ መለካት ይገባል። በአንድ በኩል 24.96፣ በሌላ በኩል 24.80 ካሳየ ዘንጉ ራሱ ክብነቱን አጥቷል፤ እንግዲህ መጀመሪያ ዘንጉ ሳይስተካከል አዲስ ቡሽ ማስገባት ያረጀ ጎማ ባለው መኪና ላይ አዲስ ቀለም እንደ መቀባት ነው። ዘንጉ በሁሉ ወገን 24.96 ከሆነ፣ የቡሿ ውስጥ ሥራው ሲያልቅ 25.00 እንዲሆን ይፈለጋል፤ የ0.04 ሚሊ ሜትር ክፍተት ዘይቱ የሚኖርበት ቦታ ነው። ይህም ከአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት አይበልጥም። ከዚህ ቢጠብብ ቡሿ ትግላለች፤ ከዚህ እጅግ ቢሰፋ እንደ ገና ትንገጫገጫለች።

የውጪው ልክ ግን የተለየ ሕግ አለው። ቡሿ የምትገባበት ቤት 32.00 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የቡሿ ውጪ 32.03 ያህል መሆን አለበት፤ ተጨንቃ ካልገባች ከዘንጉ ጋር አብራ ትዞራለችና። ተጨንቃ ስትገባ ደግሞ ግድግዳዋ ስስ በመሆኑ ውስጧ በዚያው ልክ ወደሚጠጋ መጠን ይጠብባል። ስለዚህ ዐዋቂ ሠራተኛ ውስጧን 25.00 አድርጎ አይቆርጥም፤ 25.03 አድርጎ ይቆርጥና በገባች ጊዜ ወደ 25.00 ትመለስለታለች። ብዙ የቶርኖ ቤት ሥራ ተመላሽ የሚሆነው ይህች ነገር ተዘንግታ ነው፤ ባለሙያው ቡሿ በእጁ ሳለች ዘንጉን አስገብቶ ሞክሮ ተደስቷል፤ ወፍጮው ላይ ስትመታ ግን ዘንጉ አልገባም ይላል።

የአቆራረጡ ቅደም ተከተልም ምክንያት አለው። የብሮንዙ ቁራጭ በማንድሪኖ ከታሰረ በኋላ ውጪውም ውስጡም ሳይፈታ በአንድ እስር መቆረጥ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በቀጭን ስለት ከቁራጩ ትለያለች። ባለ ሦስት ጥርሱ ማንድሪኖ አንድን ሥራ ፈትቶ መልሶ ሲይዘው በትክክል በቀድሞ ማዕከሉ አይመልሰውም፤ በርካሽ መኪና ላይ ልዩነቱ እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ውጪዋ በአንድ እስር፣ ውስጧ በሌላ እስር የተቆረጠ ቡሽ ስትታይ ቆንጆ ናት፤ ቀዳዳዋ ግን ወደ አንድ ጐን ያዘነበለ ይሆናል።

ቀዳዳው በቀጭን ፑንታ ተጀምሮ በወፍራሙ እየሰፋ ወደ 24 ሚሊ ሜትር ከደረሰ በኋላ፣ የቀረውን የውስጥ መቁረጫ ስለት ይጨርሰዋል፤ ፑንታ ብቻውን ክብና ቀጥ ያለ ቀዳዳ አያወጣምና። ፍጥነቱን ለማወቅ የሚሠራበት ቀላል ሒሳብ አለ፤ ብረቱ በደቂቃ በስለቱ ፊት የሚያልፍበትን ሜትር በ1,000 አባዝቶ፣ የተገኘውን ለውፍረቱና ለ3.14 ብዜት ማካፈል ነው። ብሮንዝ በተራ የብረት መቁረጫ ስለት በደቂቃ 30 ሜትር ያህል ቢታሰብለት፣ ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት በደቂቃ ወደ 380 ዙር ይወጣል። ለስላሳ ብረት በ25 ሜትር ቢታሰብ፣ ለ40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ወደ 200 ዙር ይሆናል። ጀማሪዎች ከዚህ በላይ ያስሮጡታል፤ ስለቱም ቶሎ ይደነዝዛል።

ስለ ስለቱ ከፍታም አንድ ነገር መናገር አለብን። የስለቱ ጫፍ ከሚዞረው ብረት ማዕከል ጋር እኩል ካልሆነ ሥራው አይሳካም። ይህን ያለ ምንም ልዩ መሣሪያ ለማወቅ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ቀጭን የብረት ማስመሪያ በክቡ ብረትና በስለቱ ጫፍ መካከል በቀስታ ማስነከስ ነው። ማስመሪያው ቀጥ ብሎ ከቆመ ስለቱ በልኩ ነው፤ ራሱ ወደ ሠራተኛው ካዘነበለ ስለቱ ዝቅ ብሏል፤ ወደ ብረቱ ካዘነበለ ስለቱ ከፍ ብሏል። ለብሮንዝ ደግሞ የስለቱ ፊት ጠፍጣፋ ይሁን፤ ለብረት እንደሚደረገው ወደ ኋላ ካጋደለ ይነክስና ሥራውን ከማንድሪኖ ያወጣዋል። ያን ጊዜ ነው የፕላስቲኩ ጥርስ የሚረግፈው።

ከሁሉ በላይ ጀማሪን የሚያሳስተው የመደወሪያው ቍጥር ነው። ስለቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ሲገባ የሥራው ውፍረት የሚቀንሰው 0.2 ነው፤ ከሁለቱም ጐን ተቆርጧልና። የመደወሪያው ጥርስም ላላ ያለ በመሆኑ፣ ስለቱን ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ብቻ እያስጠጉ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ያለፈውን ጥቂት ወደ ኋላ መልሶ በዚያው መቁረጥ ልክን ያጠፋል። ሙቀቱም ሊታሰብ ይገባዋል። ከስለት የወጣ ብሮንዝ በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ቢሆን፣ 25 ሚሊ ሜትር የሚለካው ነገር ከበረደ በኋላ እስከ 0.02 ሚሊ ሜትር ያህል ሊያንስ ይችላል። በመካነ ሰላም ጧት ቅዝቃዜ ይህ ልዩነት ከቆላው ይልቅ ይጎላል። ሠራተኛው ቡና እስኪፈላ ታግሦ ከበረደ በኋላ ቢለካ ያተርፋል።

በመጨረሻ ቡሿን ማስገባት አለ። በመዶሻ መምታት የአገር ልማድ ነው፤ ነገር ግን አንድ ረጅም ቡሎን፣ ሁለት ወፍራም ሮንዴላና አንድ ዳዶ ካሉ፣ ዳዶውን በቀስታ በማጥበቅ ቡሿ ሳትጣመም ቀጥ ብላ ትገባለች። የዘይት ቀዳዳዋም ጭነቱ በሌለበት ወገን ይሁን። የወፍጮ ዘንግ የሚጫነው ቺንጋው ወደሚስብበት ጐን ነው፤ ስለዚህ ቀዳዳውን ከመብሳት በፊት ቺንጋው ከየት ወደ የት እንደሚስብ ቆሞ ማየት ይገባል።

ስለ ጥርስ ደግሞ። በደጋው ከተሞች የሚገኙት መኪናዎች ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ናቸው። ከጣሊያንና ከቻይና የመጡት ሜትሪክ ጥርስ አላቸው፤ የእንግሊዝ ሊስተር ዓይነት የወፍጮ ሞተሮች ግን በኢንች የተለኩ ናቸው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841 ያቀረበው የጥርስ ሥርዓት 55 ዲግሪ ማዕዘን ሲኖረው፣ የሜትሪኩ ግን 60 ዲግሪ ነው። ይህ ለመጻሕፍት ብቻ የሚሆን ዕውቀት እንዳይመስል። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ጥርሱ በየ1.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ5/16 ኢንች ቡሎን ደግሞ 7.94 ሚሊ ሜትር ወፍሮ ጥርሱ በየ1.41 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን ሁለቱ አይለዩም፤ አንዱ በሌላው ዳዶ ሁለት ዙር ያህል በደኅና ይገባል፤ ከዚያ ይጠብቃል። ሰውየው ዝገት መስሎት በኃይል ሲያጠብቀው የሁለቱም ጥርስ ይላጣል። የስፌት መኪና ብሎኖች ደግሞ ከሁለቱም የተለዩ ናቸው፤ ጥንታዊዎቹ የሲንገር መኪናዎች የራሳቸው የፋብሪካ ጥርስ ስላላቸው፣ ከገበያ ማስኪዮ ጋር አይገናኙም። ለእነርሱ ነው በቶርኖ ጥርስ የሚቆረጠው። ለሜትሪክ ማስኪዮ የሚሆነውን ፑንታ ለማወቅ ከቡሎኑ ውፍረት የጥርሱን ርቀት መቀነስ ይበቃል፤ ለ8 ሚሊ ሜትር ወደ 6.8፣ ለ10 ሚሊ ሜትር 8.5 ይሆናል። ማስኪዮውን ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያሉ፣ ዘይት እየጨመሩ ማስገባት ነው፤ የቸኮለ ሰው ማስኪዮውን ቀዳዳው ውስጥ ሰብሮ ይተወዋል።

ጥሬ ዕቃው ከወዴት ይገኛል? በአዲስ አበባ መርካቶ ምን አለሽ ተራ የሚሸጠው አሮጌ ብረት ሁሉ በየክፍለ ሀገሩም ትንሽ ወንድም አለው። ከውኃ ፓምፕና ከአሮጌ ቫልቭ የሚወጣ ብሮንዝ ለቡሽ ይሆናል። ቢጫው ነሐስ በቀላሉ ይቆረጣል፤ ነገር ግን ለሚጫን ዘንግ እንደ ብሮንዝ አይጸናም። የቤት መሥሪያ ፌሮ ርካሽ ስለ ሆነ ብዙዎች ይሞክሩታል፤ እኛ ግን አንመክርም፤ ፌሮ ለግንብ የተሠራ በመሆኑ በአንዱ በኩል ለስላሳ፣ በሌላው ጠንካራ ሆኖ ስለቱን ያበላሻል። የተጣለ የሞተር ዘንግ ከእርሱ ይሻላል።

በቤት ቶርኖ የማይሠሩ ነገሮችም አሉ፤ ይህን በግልጽ መናገር ግዴታችን ነው። የመኪና ፍሬንና መሪ ክፍሎች፣ የጋዝ ሲሊንደር መግጠሚያዎች፣ በከፍተኛ ፍጥነት የሚዞሩ የወፍጮ መዶሻዎች በቤት አይሠሩም። የእጅ ውኃ ፓምፕ ፒን ቢሠራ ችግር የለበትም፤ የጎማ ማኅተሙ ግን ከፋብሪካ መምጣት አለበት።

በደጋው ብርድ ምክንያት ጋቢ ደርቦ መሥራት የሚወድ አለ። ጋቢ፣ ነጠላ፣ የአንገት ሹራብና የተንጠለጠለ እጅጌ በሚዞር ማንድሪኖ አጠገብ አይጠጉ። ማንድሪኖው ጫፉን ከያዘ ሰውየውን እስኪጠቀልል አይቆምም። ጓንትም እንዲሁ ነው። የማንድሪኖው ቁልፍ ከእጅ ሳይወጣ ወደ ቦታው ይመለስ፤ በማንድሪኖው ላይ ተረስቶ መኪናው የተነሣ እንደ ሆነ እንደ ጥይት ይወረወራል። ልጆች ባሉበት ቤት ክፍሉ በቁልፍ ይዘጋ።

ነጋዴ አንባቢዎቻችን ይህ ሥራ ያተርፋልን ብለው ይጠይቁናል። እንደ ንግድ ተቈጥሮ ቢታይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አያተርፍም፤ አንዲት ቡሽ ለመሥራት ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሰው የቀን ደመወዙን አያወጣም። ነገር ግን ሦስት ወፍጮ ቤቶች፣ አንድ የእንጨት ሥራ ቤትና ጥቂት የልብስ ስፌት ቤቶች ባሉበት ከተማ አንድ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩ ለሁሉም ዋስትና ነው። ስለዚህ የወፍጮ ባለቤቶች ተባብረው ብሮንዝና ፑንታ ቢገዙለት፣ እርሱም በምሽት ቢሠራላቸው፣ ከሁለቱም ወገን ማንም አይጎዳም። ሥራው አድጎ ለሕዝብ የሚሸጥ ከሆነ ግን በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልገዋል፤ ይህን አስቀድሞ ማሰብ ከኋላ ክርክር ያድናል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ያለው በመሆኑም፣ በከተማይቱ ማንበብና መለካት የሚችል ወጣት አይጠፋም።

ስለ አስመጪዎች ግን የምንለው አለን። ትንሿን ቶርኖ የሚያስመጣ ነጋዴ ብዙ ጊዜ መኪናዋን ብቻ ሸጦ ይሄዳል። ስለት፣ ማስኪዮ፣ ፊሌራ፣ ማይክሮሜትርና መለዋወጫ ጥርስ ከሌሉ መኪናዋ የቤት ጌጥ ትሆናለች፤ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች እነዚህ ተጨማሪ ዕቃዎች የመኪናዋን ዋጋ ያህል ሊያስወጡ እንደሚችሉ ይመሰክራሉ። እንግዲህ ገዢው ይህን ሳይነገረው መግዛቱ በደል ነው፤ ነጋዴውም ሁለተኛ ደንበኛ አያገኝም። የደሴና የኮምቦልቻ የብረታ ብረት ሱቆች ደግሞ ቡሎኖችን በአንድ ሣጥን ደባልቀው ከመሸጥ ይልቅ፣ በየሣጥኑ ላይ ሜትሪክ ወይም ኢንች ብለው፣ የጥርሱንም ርቀት ጽፈው ቢለጥፉበት ወጪው የአንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው የ6፣ የ8፣ የ10ና የ12 ሚሊ ሜትር ማስኪዮዎችን፣ የ5፣ የ6.8፣ የ8.5ና የ10.2 ሚሊ ሜትር ፑንታዎችን፣ ከኢንቹም የ1/4፣ የ5/16፣ የ3/8ና የ1/2 ዊትዎርዝ ማስኪዮዎችን ከነፑንታዎቻቸው ቢያገኝ ለአብዛኛው የወፍጮ ቤት ሥራ ይበቃዋል። እነዚህም በአንድ ካርቶን ተጠቅልለው በጧቱ አውቶቡስ ከደሴ ሊላኩ ይችላሉ።